«ልጄ ልብ ወለድ ብቻ ነው የሚያነበው፣ ምን ይሻለኛል?» ስለ ንባብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ በአንዱ፣ ኮሙናሉ (የነዋሪው የጋራ ቤት) ውስጥ አንድ የብረት የመጽሐፍ መደርደሪያ አለን። ቅዳሜ ከሰዓት እከፍተዋለሁ። ልጆች ይመጣሉ፣ ያነባሉ፣ የወደዱትን ይዘው ይሄዳሉ። ሌላ ነገር የለውም። ግን ልጅ ሊያደርስ ወይ ሊወስድ የመጣ ወላጅ ሁሉ ደረጃው ላይ አቁሞ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፣ ጥያቄዎቹም ከሳምንት ሳምንት ያው ናቸው። ሁሌ ከምደግመው ብዬ ጻፍኩት።

«ለደስታ ማንበብ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ማንበብ ያው ማንበብ አይደል?

ልጁ ማንም ሳያዘው፣ ማርክ ሳይያዝበት፣ ራሱ መርጦ የሚያነበው ማለት ነው። ካልጣመው ደግሞ ግማሽ ላይ ጥሎት ይነሳል። ይቺ የመጨረሻዋ ላይ ብዙ ወላጅ ፊቱ ይለወጣል፤ «የጀመርከውን ጨርስ» እየተባልን ነዋ ያደግነው። ግን እናንተስ ያልጣማችሁን ፊልም ስንት ጊዜ አጥፍታችኋል?

ትምህርቱን ትቶ ልብ ወለድ ላይ ተተክሎ ይውላል። ውጤቱ አይወርድም?

ይሄ ጥያቄ አንደኛ ነው። በተለይ ካርድ በሚሰጥበት ሰሞን።

ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ልጆችን ከልጅነት እስከ ጉልምስና እየተከታተሉ መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ተመራማሪዎች፣ አሊስ ሱሊቫን እና ማት ብራውን፣ ያንን መዝገብ ይዘው አንድ ነገር አዩ፦ በ10 እና በ16 ዓመታቸው ለደስታ ያነቡ የነበሩት ከማያነቡት ይልቅ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ በቃላት እውቀት፣ በፊደል አጻጻፍ፣ እና (ይቺን ልብ በሉልኝ) በሒሳብም የበለጠ ርቀዋል። ወላጅ ዲግሪ ስላለው ልጁ ከሚያገኘው ጥቅም ይልቅ የልጁ የራሱ ንባብ ሚዛን ደፍቶ ነበር።

ሒሳብ ምን አገባው? የሒሳብ ጥያቄም እኮ በቋንቋ ነው የሚጠየቀው። «አንድ ነጋዴ 40 ኪሎ ጤፍ ገዝቶ ሩቡን ለጎረቤቱ ቢያካፍል፣ ከተረፈው ላይ ደግሞ ግማሹን ቢሸጥ» ሲባል ልጁ የሚጠፋው ማካፈሉ ላይ ሳይሆን «ከተረፈው ላይ» የምትለዋ ላይ ነው። እኛ መደርደሪያ ጋ ስንቴ አይቻታለሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ጎበዝ ልጅ ስለሚያነብ ነው ጎበዝ የሆነው ወይስ ጎበዝ ስለሆነ ነው የሚያነበው? ሁለቱም ነው። ሲቀለው ይወደዋል፣ ሲወደው ብዙ ያነባል፣ ብዙ ሲያነብ ይበልጥ ይቀለዋል። ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን «የማቴዎስ ውጤት» ሲል ጠርቶታል፣ «ላለው ይጨመርለታል» ከሚለው የወንጌል ቃል ወስዶ። የማያነበውም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው፣ እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

ልጄ ፊደል ለይቷል፣ ጮክ ብሎ ያነባል። ግን ምን አነበብክ ስለው አያውቀውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የታዳጊ ተማሪዎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የእናንተ ልጅ እነሱን አልፏል። የቀረው ፍጥነት ነው። እያንዳንዷን ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ ሐረጉ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ማን ምን እንዳደረገ እስክታውቅ ድረስ ሁሉንም በጭንቅላትህ ተሸክመህ መሄድ አለብህ። ለሚለቅም ልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ሁለተኛ፣ የእኛ ፊደል ሁሉን አይነግርህም። 33ቱን በ7 አባዝተህ 231ዱን ሁሉ ብትሸመድድ እንኳ የትኛው ጠብቆ የትኛው ላልቶ እንደሚነበብ አይጽፍልህም። «የሰፊው ቤት ሰፊ ነው» ብላችሁ አንብቡ እስቲ። የመጀመሪያው ልብስ የሚሰፋው ነው፣ ሁለተኛው ጠባብ ያልሆነው። ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። «ዋና» ወንዝ ውስጥም ነው፣ አለቃም ነው። «ልጁ ቤት አለ» የሚለው ደግሞ ልጁ ቤት ውስጥ መኖሩን ይናገራል ወይስ «ቤት» ብሎ መናገሩን? የሚለየው ዙሪያው ነው። ዙሪያውን ለማየት ደግሞ ዓይን ከቃሏ ቀድሞ መሄድ አለበት፣ ይሄ ችሎታ በመምህር ማብራሪያ አይመጣም፣ በብዛት ከማንበብ ነው የሚመጣው።

ባለፈው አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ለታናሽ እህቱ ያነብላታል። «አባቱ ገና አልመጣም» የሚል ቦታ ደረሰ። «ገና»ን አጥብቆ፣ እንደ በዓሉ አነበበው። ቆመ። ገጹን አየ፣ እህቱን አየ፣ ሳቀ። «ገና በዓሉ አይደለም ይሄ» ብሎ ተመለሰና አላልቶ ደገመው። ማንም አላረመውም። ታሪኩ ነው ያረመው፣ አባትየው መምጣት አለመምጣቱን ማወቅ ፈልጎ ነበርና። ለፈተና ቢያነበው ኖሮ ገናን አጥብቆት ያልፍ ነበር እላለሁ፣ ምን ቸገረው?

የድሮ የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር። ፊደል ከተቆጠረ በኋላ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ ደረጃ በደረጃ ነበር የሚያስኬዱት፤ የመጨረሻው ላይ የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚነሳውንና የሚጣለውን ለይቶ እንደ ልብ ማንበብ ነው። እኛ ከመለየቱ ቀጥታ ወደ ፈተናው ዘለልን።

ስለዚህ ምን ላድርግ ካላችሁ፦ ከክፍሉ ዝቅ ያለ መጽሐፍ ስጡት። አዎ፣ ዝቅ ያለ። 4ኛ ክፍል ከሆነ የ2ኛ ክፍል ልጅ የሚያነበውን። ሳይደናቀፍ ማንበብ ምን እንደሚመስል ይቅመሰው።

ታዲያ ማስተማር አያስፈልግም እያላችሁ ነው?

አላልንም! ፊደል ያልለየ ልጅን መጽሐፍ መሃል ብታስቀምጡት ሥዕል ያያል እንጂ አያነብም። መለየቱን ሰው ነው የሚያስተምረው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የብሔራዊ የንባብ ፓነል ሪፖርት ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ማንበብ ብቻውን ውጤት እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል፤ ሌሎች ደግሞ በዚህ አልተስማሙም፣ ክርክሩም ቀጠለ። እኔ የምለው፣ ማስተማሩ በሩን ይከፍታል፣ ገብቶ መመላለሱ የልጁ ነው።

እንግሊዝኛውስ? እኛ የምንጨነቀው በእንግሊዝኛው ነው።

አውቃለሁ። አስጠኚ የሚቀጠረውም በእሱ ነው። 12ኛ ክፍል ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ ፊዚክሱን ቢያውቀው እንኳ ጥያቄው ካልገባው ያው ነው።

የፊጂን ነገር ልንገራችሁ። ፊጂ የደሴቶች አገር ናት፣ ከእኛ ጋር ምንም አያገናኛት፣ ግን የገጠር ትምህርት ቤቶቿ እንደ እኛው መጽሐፍ የሌላቸው፣ ልጆቹ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ እየተናገሩ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማሩባቸው ነበሩ። ኤሊ እና ማንጉባይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለተወሰኑ የ4ኛ እና የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች 250 የሚሆኑ፣ ሥዕል ያላቸው፣ ልጅ የሚወዳቸውን የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት ሰጡ። ሌሎቹ በተለመደው መንገድ፣ በሰዋስውና በመልመጃ ቀጠሉ። ከ8 ወር በኋላ መጽሐፍ ያገኙት ልጆች አንብቦና አዳምጦ በመረዳት ከተለመደው ሁለት እጥፍ ፍጥነት ሄደዋል። ከ20 ወር በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ሰፍቶ ወደ ሌሎቹ የቋንቋ ችሎታዎችም ተሻገረ። ጥናቱን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

ለምን ሆነ? ስቴፈን ክራሸን የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ዕድሜውን ሙሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ቋንቋ የሚለምደው ገብቶት ከሚሰማውና ገብቶት ከሚያነበው ነው፣ ሕጉን ከመሸምደድ አይደለም። አንዳንዱ አበዛው ይለዋል፤ እኔም ትንሽ ሰዋስው አይጎዳም ባይ ነኝ። ግን «ገብቶት» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እኛ ሰፈር ለ6ኛ ክፍል ልጅ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ገዝቶ፣ ከጎኑ መዝገበ ቃላት አስቀምጦ «አንብብ» የሚል አባት አለ። ልጁ በአንድ ከሰዓት ግማሽ ገጽ አነበበ። እሱ ንባብ አይደለም፣ ድንጋይ ፈለጣ ነው።

ይህንን ያጠኑ ሰዎች ያለ እርዳታ ደስ ብሎህ እንድታነብ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ አለብህ ይላሉ። ከባድ ቁጥር ነው። ቤት ውስጥ ግን በጣት ይሠራል። አንድ ገጽ ግለጡ፣ ልጁ ያላወቀው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ይቀመጥ። አንድ ሁለት ከታጠፈ ልክ ነው፤ እነሱንም መዝገበ ቃላት ሳያይ ከወሬው ይገምታቸው። ለእንግሊዝኛ ተማሪ ተብለው ቃላቸው ተመጥኖ የሚጻፉ ቀጫጭን መጻሕፍት አሉ፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ጋ ፈልጉ። ሽፋናቸው ያረጀ ነው፣ ወሬያቸው ግን ይጥማል።

ልጄ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ቢያነብ አይምታታበትም?

ለገጣፎ አጠገባችን ስለሆነች ይህ ጥያቄ ብዙ ይመጣል። መልሱ አጭር ነው፦ አይምታታበትም። ጽሑፍ ትርጉም እንዳለው፣ ወሬ መነሻና መድረሻ እንዳለው፣ ያልገባህን ወደ ኋላ ተመልሰህ እንደምታየው አንዴ የገባው ልጅ ይሄንን ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ነው የሚሻገረው። ሁለቴ አይማረውም። ደግሞ ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ሁለቴ ይጽፈዋል፤ በቁቤ የለመደ ልጅ የአማርኛውን መጥበቅና መላላት ቶሎ ሲጠረጥር አይቻለሁ። መደርደሪያችን ላይ የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት ጥቂት ናቸው፣ ያላችሁ አምጡልን።

ቀልድና ሥዕል የበዛበት ብቻ ነው የሚመርጠው።

ይምረጥ።

አንዱን መጽሐፍ አሥር ጊዜ አነበበው፣ ምን ሆኖ ነው?

ምንም አልሆነም። እናንተስ አንድ ዘፈን ስንት ጊዜ ትሰማላችሁ? በሦስተኛው ንባብ ላይ ወሬውን ስለሚያውቀው ዓይኑ ወደ ቃላቱ ይዞራል። ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ «አባዬ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነማ ዘንድ» ብሎ ያስቃችኋል።

ስልክ ላይ ቢያነብስ? ትረካ ቢሰማስ?

ስልኩ ላይ ያለው ጽሑፍም ጽሑፍ ነው። ችግሩ ስልኩ ውስጥ አብሮት የሚኖረው ነገር ነው፤ መጽሐፍ እያነበበ ያለ ልጅ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቲክቶክ ላይ ታገኙታላችሁ። ዳታ አጥፍታችሁ ስጡት። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የልጆች ታሪክ በነፃ ይገኛል፣ ቀድማችሁ አውርዱላቸው።

ትረካ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ሬዲዮ ከብቦ ይሰማ ነበር። ያን ሰምቶ ያደገ ሰው አማርኛው ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ብቻ ጆሮ የዓይንን ሥራ አይሠራም፣ ሁለቱንም ይልመድ።

እኔ ራሴ ማንበብ አልችልም። ምን ልረዳው እችላለሁ?

ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው ሁሉ ሲሄድ ቀስ ብለው ነው የሚጠይቁኝ፣ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው።

ብዙ ትችያለሽ እህቴ። ቡና ስታፈዪ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ያንብብልሽ። «እሺ ከዚያስ?» በዪው። ይሄ «ከዚያስ?» ብዙ የሚከፈለው አስጠኚ እንኳ የማይሰጠው ነገር ነው፤ አስጠኚ መልሱን አውቆት ነው የሚጠይቀው፣ አንቺ ግን የምርሽን ነው። ልጁ ልዩነቱን ያውቃል። ተረትም ንገሪው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ያለ ልጅ ታሪክ እንዴት እንደሚጀምር፣ ጦጣዋ መጨረሻ ላይ ማታለሏ እንደማይቀር መጽሐፍ ሳይነካ አውቆታል። መጽሐፉ ላይ ሲያገኘው የድሮ ወዳጁን እንዳገኘ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ ልጆች አንዷ ለእናቷ ስታነብ እናትየዋ ገጹን አብራ ማየት ጀመረች። አሁን የታክሲ ታፔላ ታነባለች። ማንም አላስተማራትም አልልም፣ ልጅቷ ናት ያስተማረቻት፣ ሁለቱም ሳያውቁት።

በቀን ስንት ሰዓት?

ሰዓት አትቁጠሩ። ከመተኛት በፊት አሥራ አምስት ደቂቃም ብዙ ነው። ከአባዶ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምናጠፋውን ስታስቡት ደግሞ...

መጽሐፍ ውድ ነው። ከየት እናምጣ?

ውድ ነው፣ እውነት ነው፤ የልጆች መጽሐፍ ደግሞ ውድም ነው፣ ጥቂትም ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳለ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልጎ አጣ፤ «ኢትዮጵያ ታንብብ» የተባለው ድርጅት፣ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ማዞሩ፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ በዝቷል፣ ግን በቂ አይደለም።

ከተማ ከወጣችሁ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው፣ የልጆች ክፍልም አለው። ከእዚህ ግን ሁለት ታክሲ ነው፣ ለአንድ ቀን ሽርሽር እንጂ ለየሳምንቱ አይሆንም። የየሳምንቱ መፍትሔ ጎረቤት ነው። አምስት ቤተሰብ ሁለት ሁለት መጽሐፍ ቢገዛና ቢለዋወጥ አሥር መጽሐፍ ነው። እቁብ የምንጥል ሰዎች ይሄ አያቅተንም። አዟሪዎችን ደግሞ ተከራከሩ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ እንዳትሰጡ።

ለምን ፈተና አትሰጧቸውም? ማንበባቸውን በምን ታውቃላችሁ?

ሞክሬዋለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ትልቅ ደብተር ገዛሁ፣ በማስመሪያ አሰመርኩት። ርዕስ፣ ደራሲ፣ «ከታሪኩ ምን ተማርክ?»። መጽሐፍ የሚመልስ ልጅ ሁሉ ይሞላል። ኮራሁበትም። በሦስተኛው ቅዳሜ ከ14 ልጆች 5 መጡ። ከአምስቱ አንዷ ወፍራም ወፍራሙን እየመረጠች የምታነብ ነበረች፤ የዛን ቀን ቀጭኑን፣ የሕፃናቱን አንስታ ይዛ መጣች። ለምን ስላት «ለመጻፍ ይቀላል» አለችኝ።

ደብተሩን አሁን የሱቅ ዕቃ እጽፍበታለሁ።

ማንበባቸውን በምን አውቃለሁ? ይጣላሉ። አንድ መጽሐፍ ሁለት ልጅ ሲፈልገው ኮሙናሉ ይናወጣል።

መደርደሪያው መቼ ይከፈታል? መጽሐፍ ቢጠፋስ?

ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት። እኔ ካልተገኘሁ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ እሱም እዚያው ቁጭ ብሎ ሲያነብ ታገኙታላችሁ።

መጽሐፍ ይጠፋል። አንዳንዱ ይቀዳደዳል፣ አንዳንዱ ላይ ሽሮ ይደፋበታል። አንቀጣም። ባለፈው ክረምት የጠፋ አንድ መጽሐፍ በመስቀል ሰሞን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የተገነጠለው ሽፋኑ በዱቄት ሙጫ ተለጥፏል፣ በጋዜጣ ተሸፍኗል፣ መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ «ደስ ይላል። ክፍል 2 አለው?» ተብሎ ተጽፏል።

የለውም። ማን እንደጻፈው አላወቅኩም፣ ከዚያው ስር ግን የሚመስለውን ሌላ መጽሐፍ ርዕስ ጽፌ መደርደሪያው ላይ መልሼዋለሁ።